ጥያቄ አስራ ሰባትን ባዶ የተወው ክፍል

«ፈተናውን ለልጆቹ አሳይተሃቸዋል ወይስ አላሳየሃቸውም? ዙሪያ ጥምጥም አልፈልግም!»

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት... የሻይ ብርጭቆው ዘለለ።

ጥያቄው ለሂሳብ መምህሩ ነው።

ተማሪዎቹ «ቲቸር ለምን» ነው የሚሉት። ትክክለኛውን መልስ ብትሰጡት እንኳን «ለምን?» ሳይል አይለቃችሁም። ያን ቀን ግን እሱ ራሱ ለምን እንደተጠራ የገባው ወንበር ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ነው...

ከዳይሬክተሩ ጎን የፈተና ጥናት ባለሙያዋ ተቀምጣለች።

አዲሱ የሂሳብ መጽሐፍ ለሁሉም ትምህርት ቤት ከመሰራጨቱ በፊት በጥቂቶቹ ላይ እየተሞከረ ነበር። የመጽሐፉን የሙከራ ፈተና ያዘጋጀችው እሷ ናት። ፈታኞቹ ከውጭ መጡ፤ መምህራኑ በፈተናው ክፍል ደጃፍ እንኳን ዝር እንዳይሉ ተከለከሉ።

«መምህር...» አለች ረጋ ብላ። (እሷ ረጋ ስትል ከዳይሬክተሩ ጩኸት በላይ ታስፈራለች።) «በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ጥያቄ አስራ ሰባትን ባዶ የተወ አንድም ልጅ የለም። የእርስዎ ክፍል ግን በሙሉ ባዶ ትቶታል። ጎበዙም ሰነፉም! ይሄ በአጋጣሚ ይሆናል?»

«አይሆንም» አለ። ሂሳብ አስተማሪ ነዋ... መዋሸት አልቻለም።

«እንግዲያው ዝለሉት ያላቸው ሰው አለ። ዝለሉት ለማለት ደግሞ ፈተናውን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።»

ፈተና ያሾለከ መምህር የማስተማር ፈቃዱን ይነጠቃል። ለዘለቄታው። እሱ ደግሞ ከማስተማር በቀር የሚያውቀው ሥራ የለም።

«እኔ ፈተናውን በዓይኔ አላየሁትም!» አለ። «ጥያቄው ምን እንደሚል እንኳን እስካሁን አላውቅም። ካላመናችሁኝ ልጆቹን ጠይቋቸው።»

የክፍሉ አለቃ ተጠራች።

ቀጭን ልጅ ናት... በሩ ላይ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ነይ ልጄ፣ አትፍሪ» አለች ባለሙያዋ። «ጥያቄ አስራ ሰባትን ባዶ ተዉት ያላችሁ ማነው?»

ልጅቷ መምህሯን አየችው...

«ቲቸር ነው።»

በቃ። መምህሩ መሬት ብትውጠው ደስ ባለው።

ዳይሬክተሩ ብድግ አሉ። «ሰማህ? ሰማህ አይደል?!»

«መቼ ነው የነገራችሁ?» ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ሁሌ ነው የሚነግረን።»

«ሁሌ?!»

«አዎ... መልስ የሌለው ጥያቄ ካጋጠማችሁ አትገምቱ፣ ባዶውን ተዉት ይለናል።»

ባለሙያዋ ፈገግ አለች። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄ እኮ በጥናት የተዘጋጀ ፈተና ነው። መልስ የሌለው ጥያቄ ውስጡ አይኖርም።»

«አስራ ሰባት የለውም።»

ባለሙያዋ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

ልብ በሉ... ወረቀቱን ያረመው ማሽን ነው። ማሽኑ ባዶ ቦታ አየ፣ ባለሙያዋም የማሽኑን ውጤት ይዛ ለክስ መጣች። ጥያቄውን መልሶ ያነበበው ግን ማንም የለም!

ፈተናውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። «እስኪ ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

«ትልቁ ቧንቧ አንድ ታንከር በሦስት ሰዓት ይሞላል። ትንሹ ቧንቧ ያንኑ ታንከር በስድስት ሰዓት ይሞላል። ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፈቱ ታንከሩ በስንት ሰዓት ይሞላል? ሀ፣ አራት... ለ፣ ስድስት... ሐ፣ ዘጠኝ... መ፣ አስራ ስምንት።»

«መልሱ ሀ ነው። አራት ሰዓት» አለች ባለሙያዋ ቆፍጠን ብላ።

ልጅቷ ግራ ተጋባች።

«ትልቁ ብቻውን በሦስት ሰዓት ይሞላው የለ እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሌላ ቧንቧ ሲጨመርለት እንዴት አራት ሰዓት ይፈጅበታል?»

ዳይሬክተሩ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ባለሙያዋ ወረቀቱን ተቀበለቻት። አንዴ አነበበችው... ደገመችው... ፊቷ ፍም መሰለ።

ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ስድስትና አስራ ሁለት ሰዓት ነበር የሚለው። ገምጋሚዎች «ቁጥሩ ይነስ» ሲሏት ጥያቄውን አስተካከለች። ምርጫዎቹን ማስተካከል ግን ረሳች። ትክክለኛው መልስ ሁለት ሰዓት ነው... እሱ ደግሞ ምርጫ ውስጥ የለም!

«እንዴት... ሁላችሁም?» አለች።

«አርብ አርብ ጥያቄ የምናወጣው እኛ ነን» አለች ልጅቷ። «አንዴ የኔ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። የክፍሉ ልጆች ግን ሁሉም አንዱን መርጠው መጡ። ያን ቀን ቲቸር በጣም ተናደደ። እኔን ምንም አላለኝም... የተቆጣው የመረጡትን ነው።»

ባለሙያዋ ወደ መምህሩ ዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ መምህር። በእኔ ስህተት እርስዎን ከእንጀራዎ ላነሳዎት ነበር።»

መምህሩ ይህን ሲሰማ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ።

«ግን ልጄ...» አለች ባለሙያዋ እንባዋን እየጠረገች፤ «ጥያቄው ልክ እንዳልሆነ ካወቃችሁ በፈተናው ቀን ለፈታኙ ለምን አልነገራችሁትም?»

«ነገርኩት እኮ።»

«ምን አለሽ?»

«"የናንተ ሥራ መመለስ ነው፤ ዝም ብለሽ አንዱን አጥቁሪ" አለኝ።»

ወገኖቼ...

በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ያ ሁሉ ልጅ የማይሆነውን መልስ አጥቁሮ ወጣ። ማንም አልጠረጠራቸውም! ለምርመራ የተጠራው የሚያስቡት ልጆች መምህር ነው።

መጽሐፍ ቢቀየር፣ ፈተና ቢሻሻል፣ ጥናት በጥናት ላይ ቢደረደር... ልጁ «ይሄ ልክ አይደለም» ሲል የሚሰማው ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ልጆቻችን ትክክል ሲመልሱ እንደምናጨበጭብላቸው፣ ትክክል ሲጠይቁም እናጨብጭብላቸው!

እስኪ እውነቱን እናውራ...

እናንተስ ልክ እንዳልሆነ እያወቃችሁ «ዝም ብለህ አጥቁር»፣ «ዝም ብለሽ አጥቁሪ» ተብላችሁ ያጠቆራችሁት ምንድነው? 👇