በገዛ ቤት እንግዳ

ሃውከ ዲርክሰን በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪውን ለመያዝ አንድ ትምህርት ብቻ ቀርቶት ነበር። ያንን አንዱን ግን ሁለት ጊዜ ወድቆበታል። ሦስተኛ ጊዜ የወደቀ ተማሪ ይሰናበታል፤ በሌላ የጀርመን ዩኒቨርሲቲም ያንኑ ትምህርት ልማር ቢል የሚቀበለው የለም።

ፈተናው በወረቀት አይደለም። ተማሪው ሰዎች ሳያስቡት የሚጠብቁትን አንድ ደንብ ሆን ብሎ ይጥሳል፤ ከዚያ የሆነውን ለክፍሉ ያቀርባል። መጀመሪያ ሃውከ አሳንሰር ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ። ማንም ምንም አላለውም። ቀጥሎ መኪና በሌለበት መንገድ በቀይ መብራት ተሻገረ። አንዲት አሮጊት ስድብ አወረዱበት። አስተማሪዋ፣ «ይኼንማ ማንም ያውቀዋል» ብላ ጣለችው።

ለሦስተኛው ሁለት ቀን በወላጆቹ ቤት እንደ ባዕድ ሊቀመጥ ወሰነ። ሐሳቡን ያመጣችለት አብራው የምትማረው ማሪት ናት።

«ምንም ቢሉህ እንዳትስቅ» አለችው። «ካልተረበሹ ነጥብ የለህም።»

«አባቴን አታውቂውም። ጣሪያው ቢደረመስበት ‹ዛሬ ነፋስ አለ› ነው የሚለው።»

«እንግዲያው እናትህ ላይ በርታ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እናቱ ጌሸ በሩን ከፍታ እጆቿን ዘረጋች። ሃውከ አንድ እጁን ለሰላምታ አቀረበላት።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ ዲርክሰን። ሃውከ እባላለሁ።»

ጌሸ ሳቀች። «አንተ ደግሞ! ግባ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ።»

«ጫማዬን የት ባስቀምጥ ደስ ይልዎታል?»

ሳቋ ቆመ።

አባቱ ኤኖ፣ እንደ ወትሮው፣ መጀመሪያ ለሚስቱ ቀዳ። ድንጋይ ስኳሩን አስቀድሞ፣ ክሬሙን በማንኪያ ከዳር አፍስሶ ሰጣት። ከዚያ ለልጁ ቀዳ። ሃውከ ማንኪያውን ነክሮ አማሰለው። ወላጆቹ በሚኖሩበት የሰሜን ጀርመን ጠረፍ ሻይ የሚያማስል ከሌላ አገር የመጣ ሰው ብቻ ነው።

ኤኖ ሲኒውን አየ። «ሻዩ ምን በደለህ?»

«ይቅርታ፣ አቶ ዲርክሰን። የቤቱን ልማድ ስለማላውቅ ነው።»

ኤኖ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ አፉን ሊከፍት ሲል ጌሸ ክንዱን ያዘችው። «ኤኖ፣ ተው። አሁን አይደለም።»

ሃውከ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ለማሪት የድምፅ መልእክት ላከ። «እየሠራ ነው! ሥልጣን ከአባት ወደ እናት ሲተላለፍ በዓይኔ አየሁ!»

እራት ላይ ዳቦ ለመቁረስ አስፈቀደ፤ ማቀዝቀዣውን ለመክፈትም አስፈቀደ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች ወደ መጀመሪያው አመለከተ። በሁለት እግሩ የቆመ ትንሽ ልጅ የጌሸን አንድ ጣት ጨብጧል።

«ይህ ልጅ ማን ነው?»

ጌሸ ሳህኗን አንስታ ወደ ማድቤት ሄደች። ኤኖ ፎቶውን ብዙ አየው።

«ጥሩ ልጅ ነው» አለ። «የመጣ ቀን ውሻውን ፈርቶ ነበር። በኋላ ግን አብረው ነው የተኙት።»

«ደስ የሚል ቤተሰብ አላችሁ» አለ ሃውከ።

ያን ምሽት ለማሪት የላከው መልእክት ረጅም ነበር። መካከለኛው መደብ ልጆቹን እንደ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅል በሰፊው አብራራላት።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ በስልክ ስትናገር ሰማ። የምታናግረው እህቷን ታልከን ነው። ታልከ ለቀልድ ብላ የሰው ሠርግ የምታበላሽ ሴት ናት።

«አንቺ ነሽ አይደል? ከአንቺ ሌላ ማን ይሆናል? ... አትማዪ፣ ታልከ! ቢራ ከቀመስሽ አፍሽ በር የለውም!»

ስልኩ ተዘጋ። ሃውከ በደስታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣ።

«ቀልዱን አክስቴ ያስጠናችኝ መስሏታል» አለ ማሪት ጋ ደውሎ። «ደንብ ሲናጋ ዘመድ አዝማድ ይንቀሳቀሳል! ከመጽሐፉ ቃል በቃል!»

«ኧረ በቃህ፣ ሃውከ። እናትህ ናት እኮ።»

«ነጥቡን አንቺ ትሰጪኛለሽ?»

ከምሳ በኋላ ኤኖ ብስክሌት ልጠግን ብሎ ወደ ጓሮው መጋዘን ገባ። ሃውከ በመስኮት አጮልቆ አየው። ብስክሌቱ እንደቆመ ነው። አባቱ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሃውከ አባቱ ሲያለቅስ አይቶ አያውቅም። ልቡን ቆንጠጥ አደረገው። ወዲያው ግን የክፍሉ ተማሪዎች እንደ ጀርመን ተማሪ ልማድ በጭብጨባ ፈንታ ጠረጴዛ እያንኳኩ ሲያደንቁት ታየውና ተጽናና።

እሑድ ሻንጣውን አዘጋጀ። ማስረጃው ከበቂ በላይ ነው፤ ሦስት ተማሪ ያስመርቃል። አሁን እውነቱን ይነግራቸዋል፤ ይቆጡታል፤ ከዚያ ይስቃሉ። የሚስቁበትን ሁኔታም ለማጠቃለያው ይጠቀምበታል።

ሳሎን ሲገባ ወላጆቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ኤኖ ጢሙን ተላጭቷል። የጌሸ ዓይን አብጧል።

«እማዬ፣ አባዬ፣ አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው» አለ ሃውከ ፈገግ እያለ።

«እኛ እንቅደም» አለች ጌሸ። «ሌሊቱን ሙሉ ስንለማመደው ነው ያደርነው።» ወደ ባሏ ዞረች። «በል ኤኖ።»

ኤኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከማን እንደሰማህ አንጠይቅህም፤ የወለደችህን ልትፈልግ ስትሄድ ግን፣ ልጄ፣ እባክህ አብረንህ እንሂድ።»