ወፍራሙ ግራሶ

«አያ ቢያዝን፣ ምነው አልተኩስ አለ? ትናንት አንተ አይደለህ ያጸዳኸው?» አለና የአብዮት ጥበቃው አዛዥ ሽጉጡን አቀበለው። የቢያዝን አንድያ ልጅ እጁን እንደታሰረ ከቀበሌው አጥር ሥር ተንበርክኮ ነበር።

መሣሪያ ጠጋኙ ቢያዝን የዳባትን የማለዳ ውርጭ ያውቀው ነበር። ቀጭኑን ዘይት ትቶ ወፍራሙን ግራሶ የጠቀጠቀበት፣ በብርዱ ሲረጋ የጥይት መምቻውን ጭምድድ አድርጎ እንዲይዝለት ብሎ ነው። ያዘለትም። ጠግን ብለው እሱኑ እንደሚጠሩት ግን አላሰበም።

ግራሶውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ዘይቱም ግራሶውም ከፊቱ ተቀምጠዋል። እጁ እንደገና ወደ ግራሶው ሲሄድ ልጁ አየው።

«አባቴ፣ ተወው» አለ ልጁ። «ምላጩ ሲሳብ አንዴ ሰምቻለሁ፤ ደግሜ አልችለውም። ዘይቱን ቀባው።»