የሙሽራዋ ራስ

በዚያ ዘመን ጉበቱ የታመመ ሰው፣ ገና ፅንስ ሳለ ከተቀመጡለት የጉበት ሴሎች አዲስ ጉበት ይበቅልለት ነበር። ሴሎቹን የሚያሳድጋቸው ግን ከእህት ወይም ከወንድም ደም የሚቀዳ የእድገት ሆርሞን ብቻ ነበር፤ የሰጪው ጠጉር ግን ረግፎ ዳግም አይበቅልም ነበር። ዝናሽ ለታናሽ ወንድሟ ለሙሉቀን ሰጠች።

በሠርጓ ዋዜማ ሹሩባ ሠሪዋ እትዬ ደብሪቱ መጥተው ሻሿን ሲፈቱ ራሷ ላይ አንድም ጠጉር አጥተው ክው አሉ።

"ውይ ልጄ! ምኑን ልሥራው? መቼ ይበቅላል?"

"ከእንግዲህ አይበቅልም፣ እትዬ" አለችና በመስኮቱ ወደ ግቢው አሳየቻቸው። ሙሉቀን የድንኳን ምሰሶ ተሸክሞ ጓደኞቹን ያዛል። "አምና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ከአልጋ መነሣት አቅቶት ነበር። አሁን ይዩት!"

እትዬ ደብሪቱ አንገታቸውን አስግገው አዩት። ከዚያ ቅቤ በመዳፋቸው አቅልጠው ራሷን ቀስ እያሉ ቀቧት።

"ነገ ሻሽ እንዳታስሪ፣ ሙሽራዬ" አሉ።

አላሰረችም።