ፋርሂያ ያልተረጎመችው

ፋርሂያ ከነገሌ ቦረና ተነስታ፣ በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻግራ ናይሮቢ የገባችው ለሕክምና ትምህርቷ የልውውጥ ልምምድ ነበር። ነጋዴው አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው እስከ ድንበሩ ሸኝተዋታል። በሆስፒታሉ የተመደበችው ዶክተር ሚክዳድ በሚባል ቀዶ ሐኪም ሥር ነው። ሚክዳድ ዝምተኛ ነው፤ ከእንግሊዝኛና ከስዋሂሊ ሌላ ሲናገር የሰማው የለም። ተማሪዎቹ ሁሉ ይፈሩታል።

አንድ ጠዋት የከብት ጭነት መኪና ተገልብጦ የተጎዱ ሽማግሌ አመጡ። ጣፊያቸው ተሰንጥቆ ሆዳቸው ውስጥ ደም ይፈሳል። ከኦሮምኛ ሌላ ስለማይችሉ ፋርሂያ ለአስተርጓሚነት ተጠራች።

«አካም ጅርቱ፣ አባ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው።

የአገራቸው ልጅ መሆኗን ሲያውቁ ፊታቸው ፈካ። ኩራ እንደሚባሉ፣ ሞያሌ አጠገብ እንደሚኖሩ፣ ከብት ሊሸጡ እንደመጡ ነገሯት። ይህን እያሉ ዶክተር ሚክዳድ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ሽማግሌው ፊቱን ሲያዩ እጇን ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ፣ ይኼ ሰው ይገድለኛል። ከእሱ ጋር ብቻዬን አትተዪኝ።»

ፋርሂያ ይህን አልተረጎመችም። ለዶክተሩ፣ ሽማግሌው ቀዶ ጥገና እንደሚፈሩ ብቻ በእንግሊዝኛ ነገረችው።

ዶክተር ሚክዳድ አተኩሮ አያት። «ያሉት ይኼን ብቻ ነው?»

«አዎ» አለች።

ዶክተሩ ወጥታ እንድትጠብቅ ነገራት። አልወጣም አለች። ሌላ ቀዶ ሐኪም እንዳይጠሩ በዚያ ሰዓት ሌላ አልነበረም፤ ሽማግሌው ደግሞ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው መሞታቸው ነው። ስለዚህ እንደማትለያቸው፣ ዓይኗንም ከሐኪሙ እጅ ላይ እንደማታነሳ ቃል ገብታ አግባባቻቸው።

ቀዶ ጥገና ክፍሉ ውስጥ ዶክተሩ ምላጩን ከተቀበለ በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። በሰመመን የተኙትን ሽማግሌ ፊት እያየ ቀረ። ነርሷ ጠራችው፤ አልሰማም። ፋርሂያ እጁን ለመያዝ ተጠጋች። ያኔ ጎንበስ ብሎ ሥራውን ጀመረ።

ጣፊያውን አውጥቶ ደሙን አቆመ። ሽማግሌው ግን ብዙ ደም ፈሷቸዋል፤ የእሳቸው ዓይነት ደም ደግሞ ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ ስፌቱን ለረዳቱ ትቶ፣ ጓንቱን አውልቆ ወጣ።

እንዲሞቱ ትቷቸው ሄደ፣ አለች ፋርሂያ በልቧ።

ቆይቶ አንድ ከረጢት ደም መጣ። ስትሰቅለው ገና ይሞቃል። ከየት እንደተገኘ የጠየቀ አልነበረም፤ የሁሉም ዓይን የሽማግሌው ትንፋሽ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ነቁ። ዶክተር ሚክዳድ በሩ ላይ መጥቶ፣ መቃኑን ተደግፎ አያቸው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥጥ ተለጥፏል። ሳይገባ ተመለሰ።

ፋርሂያ ዛሬውኑ ልትከሰው ቆርጣለች። ወደ ሽማግሌው ጆሮ ጠጋ አለች።

«ከእንግዲህ አይነካዎትም፣ አባ። ለኃላፊዎቹ እናገራለሁ። ብቻ ይንገሩኝ፣ ምን በድሎዎት ነው?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሱ ምንም አልበደለኝም» አሉ። «ቁርጥ አባቱን ነው፤ እሱም አውቆኛል። አባቱን የገደልኩት እኔ ነኝ።»