የዋቅወያ ጉልበት

መምህር ገቢሳ ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ ሳንባውን እዚያው ሆስፒታል ትቶ ነበር። ሐኪሙ የተበላሸውን ቆርጦ ካወጣ በኋላ፣ «በቀረው መኖር ይቻላል፤ ግን አይቸኩሉ» ብሎ ሸኘው።

መኖር ይቻላል ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። ነቀምት ዳገትና ቁልቁለት ናት። የገቢሳ ቤት ታች ወንዙ አጠገብ፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ላይ አናቱ ላይ። ድሮ እያፏጨ የሚወጣው ዳገት አሁን ግድግዳ ሆነበት። ፋኖሱን እንኳ እፍ ብሎ ማጥፋት አቅቶት ክሩን ዝቅ ማድረግ ለመደ። ዲሬክተሩ በግልጽ ነግሮታል፤ እስከ ገና ድረስ በሰዓቱ እየደረሰ ካላስተማረ በጡረታ ይሰናበታል።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንድያ ልጁ ሞረዳ በብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰባት ወር ሆኖታል። ከማስተማር በቀር ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው ነገር አልነበረውም።

ሰው እንዲያዝንለት ግን አይፈልግም። ከሕክምናው ተመልሶ ሥራ በጀመረ ሰሞን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቦርሳውን ሊይዝለት እጁን ቢዘረጋ፣ «ምነው፣ ሞቻለሁ እንዴ?» ብሎ አምባረቀበት። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሞከረውም።

ዘበኛውን በተቆጣ ማግስት ጠዋት ጎረቤቱ ዋቅወያ ምርኩዝ ይዞ ደጁ ላይ ቆሞ አገኘው። ዋቅወያ ገና ሠላሳ ያልሞላው አናጢ ነው፤ በር ሲገባ ጉበኑ የሚመታው ረጅም ሰው።

«ምን ሆንክ?»

«ከጣራ ላይ ወድቄ ጉልበቴን ተጎዳሁ፣ ባርሲሳ» አለ። ባርሲሳ ማለቱ መምህሬ ማለቱ ነው፤ ተማሪው ነበር። «የያዝኩት ሥራ እዚያ ላይ፣ ገበያው ጋ ነው። አብረን ቀስ እያልን እንውጣ?»

ገቢሳ ደስ አለው። ከእሱ የባሰ ሰው አገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ወጡ። ዋርካው ሥር ሲደርሱ ዋቅወያ «ኧረ ጉልበቴን!» ብሎ ይቆማል። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ከጉራጌዋ ከወለቴ ሱቅ ፊት ለፊት ደግሞ ያገኘውን መንገደኛ ሁሉ ይዞ፣ «አካም ቡልቴ? ነጋ?» እያለ በኦሮምኛ ከሰውየው ጤና እስከ ላሚቱ ጤና ይጠይቃል።

«ደወሉ ሊደወል ነው፣ ተንቀሳቀስ እንጂ!» ይለዋል ገቢሳ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት።

አንድ ቀን በምርኩዙ ሳቀበት። «አጭር እኮ ነው፤ ጎብጠህ ቀረህ። ለራሱ መለካት ያቃተው አናጢ!»

«ቸኩዬ ነው የቆረጥኩት» አለ ዋቅወያ።

ኅዳር እስኪገባ ገቢሳ አንድም ቀን አላረፈደም። ያን ሰሞን ነው አንድ ነገር ልብ ያለው። ሰኞ ዕለት ዋቅወያ በቀኝ እግሩ አነከሰ። ማክሰኞ በግራው። ቅዳሜ ደግሞ ገቢሳ ደጁ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ዋቅወያ ሳንቃ በትከሻው ተሸክሞ ዳገቱን ሲሮጥበት አየው።

አዲስ የውትድርና ምልመላ ሊመጣ ነው ይባል ነበር። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። የእሱ ሞረዳ ሳያቅማማ ሄዶ የት እንደወደቀ አይታወቅም፤ ይሄ ደግሞ በሁለት ጤነኛ እግር አንካሳ ሆኖ ከሚስቱ ጋር እሳት ይሞቃል። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት አብሮት መውጣቱን አልተወም።

በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀመንበር የምልመላውን የስም ዝርዝር ይዞ ቤቱ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ከዋቅወያ ጋር በየቀኑ አብረህ ትወጣለህ። በጉልበቱ ምክንያት ልንተወው ነው። እውነት ታሟል?»

ዝም ማለት ይችል ነበር። የሞረዳ ፎቶግራፍ ከሊቀመንበሩ ራስ በላይ ተሰቅሏል።

«የትኛው ጉልበቱ?» አለ ገቢሳ። «ሰኞ ቀኙ ነው፤ ማክሰኞ ግራው።»

ሐሙስ ጠዋት ዋቅወያን ወሰዱት። ወደ መኪናው ሲሄድ ምርኩዝ አልያዘም፤ ቀጥ ብሎ ነው የሄደው። አልተከራከረም። ገቢሳን ከሰው መሀል ሲያየው ብቻ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ባርሲሳ! ዳገቱን ቀስ ብለው ይውጡ!»

ዓይን አውጣ፣ አለ ገቢሳ በልቡ።

ዓርብ ብቻውን ወጣ። ሰው እያየው መቆም አፈረና ዋርካውን ሳያርፍ አለፈ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ጨለመ፤ መሬት ላይ ተቀመጠ። ደወሉን ከታች ሆኖ ሰማው። ሰኞም፣ ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ረቡዕ የጡረታው ደብዳቤ እየተጻፈ ነው የሚል መልእክት ደረሰው፤ ከቤት አልወጣም።

ከሰዓት በኋላ የዋቅወያ ሚስት ድንቅነሽ መጣች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ምርኩዙን ይዛ ነበር።

«ከቤት መውጣት እንኳ አስጠልቶኛል፤ ግን አደራ ነው» አለች። «ለባርሲሳ ስጪልኝ ብሎኛል።»

ገቢሳ ተቀብሎ ተደግፎት ተነሣ። ምርኩዙ አላጎበጠውም፤ አላንጠራራውም።

«ምን ያደርግልኛል? የእሱ ነው፤ ሲመለስ ይፈልገዋል።»

«መቼ የእሱ ሆነና!» አለች ድንቅነሽ። «ዘበኛውን የተቆጡ ዕለት ማታ፣ ለእርስዎ ብሎ ነው የቆረጠው። ‹ምርኩዝ ይያዙ ብላቸው ይቀየሙኛል፤ እስኪድኑ እኔ ላንክስላቸው› ብሎ እኮ ነው።»