የሦስተኛው ፎቅ መስኮት

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አታሚው መመንጠር አልፈለገም፤ ስለዚህ የገዛ ልጁን መጠርጠር ጀመረ።

ልጅቱ ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ ጨርሳለች። በክርክር ስለማትሸነፍ ቤት ውስጥ «ጠበቃዋ» ነው የምትባለው። አሁን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምረጥ አለባት፤ ምዝገባው ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። ባለ ቤተ ሙከራው ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ተማሪ እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበለው። ዘንድሮ ካመለጣት ግን አመለጣት ነው፤ ሐኪም እሆናለሁ ያለችውም ወሬ ሆኖ ይቀራል።

«አለቃህ ከሥራ እንድትቀር እንዴት ፈቀደልህ?» አለች ሚስቱ፣ ጠዋት ምሳ ዕቃውን እያቀበለችው። «ያ ሰውዬ ጥርስ ለማስነቀል እንኳ አይፈቅድም ነበር።»

«ለልጅ ሲባል ይፈቅዳል።»

«እሰይ። ጥፍርህንም ፈትገሃል፤ ያ ቀለም የሚለቅ አይመስለኝም ነበር። ግን ምሳህን በየቀኑ ጥርግ አድርገህ እየበላህ ትከሳለህ። ምን እንደሚበላህ እንጃ።»

«የልጅሽ ነገር ነዋ» አለና ወጣ።

ባለ ቤተ ሙከራው ትምህርት ቤት ነጭ ጋዋን የለበሰች አስተማሪ ተቀበለቻቸው። ማይክሮስኮፕ አሳየቻቸው፣ በጠርሙስ የተቀመጠ እንቁራሪት አሳየቻቸው። አታሚው አፉን ከፍቶ አየ። ጠበቃዋ ግን እንቁራሪቱን ዞር ብላም አላየችው።

«ዘጠነኛ ክፍል የት ነው?» አለች።

ወሰዷት። ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተንጠራርታ ወደ ውጭ አየችና ተመለሰች።

«ይሄ አይሆንም፣ አባዬ።»

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያሳየው።»

አታሚው ቆሽቱ አረረ። ሰው ትምህርት ቤት የሚገባው ሰሌዳ ለማየት ነው ወይስ መስኮት? በሰው ፊት ነውና አስተማሪዋን አመስግኖ ወጣ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ሰፊ ቤተ መጻሕፍት አለው። እሷ አሁንም ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ይሄውልሽ፣ ወንዝ ያሳያል» አለ አባቷ፣ ነገር ፍለጋ።

«ወንዙን ምን ላድርገው?»

መንገድ ላይ መታገሥ አልቻለም። «እሺ፣ የት ነው መማር የምትፈልጊው?»

«አሮጌው ትምህርት ቤት። መናፈሻው አጠገብ ያለው።»

አታሚው ቆመ። ፊቱ ልውጥ አለ።

«እዚያማ አትገቢም። ጣሪያው ያፈሳል፣ አስተማሪው ይቀራል። ሰፈሩም ቢሆን ሥራ ፈት የሚውልበት ሰፈር ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠበቃዋ ለእያንዳንዷ ቃል መልስ ነበራት። አሁን ግን እጁን አየት አደረገችና አንገቷን ደፋች። ይሄኔ ነው ጥርጣሬው የገባው። ጠበቃ ዝም ካለ የሚደብቀው ነገር አለ። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሴት ልጅ የምትደብቀው ነገር ሱሪ የለበሰ ነው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ አንድ ጎረምሳ የልጁን ዕድል ገደል ሲከት ዓይኑ ላይ ዞረበት።

በማግስቱ «ነይ፣ ያንን ትምህርት ቤትሽን እንየው» አላት። ሊያየው የፈለገው ግን ትምህርት ቤቱን አልነበረም።

ሰፈሩ ሲደርሱ በጓሮ በኩል እንዙር አለ። እሷ ግን ቀድማው መናፈሻው ውስጥ ገብታ ነበር። ገና ጥቂት እንደሄዱ ርግቦቹ ግር ብለው መጥተው ጫማውን ከበቡት።

«እነዚህ ደግሞ ሰው አይፈሩም» አለና በእግሩ አባረራቸው። ትንሽ ፈንጠር ብለው ተመልሰው ተከተሉት።

ከመናፈሻው በር ማዶ የብስክሌት መጠገኛ አለ። አንድ ጎረምሳ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰንሰለት ይቀባል። ልጅቱን ሲያይ ጥርሱ ተገለጠ።

«ዛሬም መጣሽ?»

ከኋላዋ አባትየውን አየ። ደንገጥ ብሎ ሰንሰለቱ ላይ አቀረቀረ፤ ቀናም አላለ።

ይኸውልህ፣ አለ አታሚው በልቡ። ዛሬም መጣሽ። ለካ ልማድ ነው። እዚያው ጎረምሳውን አንገቱን ይዞ ሊያነሳው ፈለገ፤ ልጅቱ ግን ወደ ትምህርት ቤቱ በር እየገባች ነበርና ተከተላት።

የአሮጌው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የልጅቱን ውጤት ሁለት ጊዜ አነበበች።

«በዚህ ውጤት እኛ ጋ?» አለች። «የኔ ልጅ፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ተሳስተሽ እንዳይሆን። ለማንኛውም ክፍሉን እዩት። ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

ደረጃው የተሸራረፈ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጥግ ላይ የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅም ባልዲ ተቀምጧል። ጠበቃዋ ባልዲውን ዘላ አልፋ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ ፊቷ ፈካ።

«እዚህ ነው፣ አባዬ። እዚሁ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ።»

አታሚው በሩን ዘጋ። ሊጮህ ነበር ያሰበው፤ ድምፁ ግን እንደ ለማኝ ሆነበት።

«ስሚኝ፣ ልጄ። እኔ ሕይወቴን ሙሉ የሰው መጽሐፍ ሳትም የኖርኩት አንቺ እንድታነቢው ነው። ሐኪም ልትሆኚ ትችያለሽ። ያንን ሁሉ ለአንድ ተራ ሰው ብለሽ ትጥያለሽ?»

«ተራ ሰው አይደለም።»

«አየሽ፣ አመንሽ! በይ ንገሪኝ። ማንን ልታዪ ነው እዚህ መስኮት ላይ የምትቀመጪው?»

ልጅቱ የመስኮቱን መወርወሪያ ሳበች። መስኮቱ ሲጢጥ እያለ ተከፈተ። ታች መናፈሻው ውስጥ፣ አንዲት አግዳሚ ወንበር ዙሪያ ርግቦቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ።

«አንተን ነዋ፣ አባዬ» አለችው፤ «ከሥራ ካስወጡህ ጀምሮ የምትውልባት ወንበር ያቻትና፣ ከእንግዲህ ምሳህን ለርግቦቹ ስትበትን ብቻህን አይደለህም።»