የመሠረቱ ድንጋይ

አዛውንቱ የድንጋይ ባለሙያ እህታቸው ቤት በልተው ሌሊቱን ሙሉ ካስመለሳቸው ወዲህ፣ ራሳቸው ያልቀዱትን ውሃ እንኳ አይጠጡም። በማግስቱ ከማያውቁት ሰው በስልክ የመጣው ቃልም ከጆሯቸው አልወጣም፦ «ፈርምና በሰላም ኑር።»

ፊርማው የሚፈለገው ለእህታቸው ባል የግንባታ ፈቃድ ነው። ሰውየው ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ባለስምንት ፎቅ መኖሪያ ሊያቆም ተነስቷል። ከሥሩ ያለው ቅልጥ አለት ነው፣ እሳት ያበሰለው፣ ሕንፃ የሚሸከም፣ ይላል። እሳቸው ደግሞ ዝቅጥ ነው ባይ ናቸው፦ ውሃ ያነባበረው ጭቃ፣ ዝናብ ሲጠግብ የሚንሸራተት። ፎቁ ቢናድ የሚያልቀው ቤተሰብ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። እሳቸው ባይኖሩ ምክትላቸው ሳያነብ ይፈርም ነበር።

እህታቸው ሁለቱን ስታስታርቅ ትኖራለች። «ተወው፤ ወንድሜ እኮ ሰው ከመሳሙ በፊት ድንጋይ የሚልስ ነው፤ በምን ታሸንፈዋለህ?» እያለች ትቀልዳለች። ባልየውም ይስቃል።

ዛሬ ከሰዓት ተቋራጩ ወደ ቤተ ሙከራው መጣ። በቀጥታ ከሥራ ነው፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፣ የእጅ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። በአንድ እጁ ፔርሙስ፣ በሌላው የላስቲክ ከረጢት ይዟል።

«ጋሼ፣ እህትዎ ሻይ ልካለች።»

«ጠጥቻለሁ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«ጠጥቻለሁ አልኩህ!»

ቀድቶ አጠገባቸው አስቀመጠው። አዛውንቱ ብርጭቆውን በክርናቸው ገፋ አደረጉት። ሰው የእህቱን ባል እንዲህ ይጠረጥራል? ብለው አፈሩ። ደግሞስ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ተቋራጩ ብርጭቆውን አየ፤ እሳቸውን አየ፤ ገባው። አነሳና አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጨለጠው። ደግሞ ቀድቶ ደገመ።

«ለልጆቼ ሌላ አጎት ከየት አመጣለሁ፣ ጋሼ?» አለ።

አዛውንቱን መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ ነበር። ያን ሌሊት ያስመለሳቸው የገዛ ጨጓራቸው ይሆናል፤ በስልኩም የቀለደው ማንም ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል።

«ይቅር በለኝ ልጄ፤ እርጅና ነው።»

«ይሁን። ብቻ እነዚህን ለመጨረሻ ጊዜ ያነጻጽሩልኝ። አንዱ ከድንጋይ ካባው የመጣ፣ ቅልጥነቱ የታወቀ ነው። ሌላው ዛሬ ከቆፈርነው ጉድጓድ ነው። እሱን ዝቅጥ ካሉኝ ሥራውን አቆማለሁ።»

ከከረጢቱ ሁለት ድንጋይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ደቃቅ፤ በዓይን አይለዩም። ዓይን ሲያቅተው አዛውንቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት መላ አለ፦ ጭቃ የወለደው ድንጋይ ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ እሳት የወለደው አይጣበቅም።

የካባውን ላስ አደረጉ፤ አልያዛቸውም። የጉድጓዱን ላሱ፤ ጥብቅ አለ። እርግጠኛ ለመሆን ደገሙት።

«ዝቅጥ ነው። አልፈርምም» አሉ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረታቸውን ቀለል አላቸው።

«እሺ፣ ጋሼ።»

አልተከራከረም። ድንጋዮቹን ወደ ከረጢቱ መልሶ አጥብቆ ቋጠረ። ጓንቱንም ገልብጦ አወለቀና በሌላ ላስቲክ ከተተው።

አዛውንቱ ሊመርቁት ፈለጉ፤ ምላሳቸው ግን ደንዝዞ አልታዘዝ አላቸው።